የዓለም የአየር ጠባይ ክፍሎች፣ የሰው ፍልሰትና የገበያ ስፍራ

የንግድ ሰው ስለ ዕቃ ዋጋ፣ ስለ ጉምሩክ ቀረጥ፣ ስለ መርከብ ኪራይና ስለ ባንክ ወለድ ሳያስብ የሚውልበት ቀን የለም። ስለ ዝናብና ስለ ሙቀት ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስበው መኸር ሲበላሽ ወይም መንገድ በጎርፍ ሲቈረጥ ብቻ ነው። ዳሩ ግን ቡናው ከጅማ፣ ሰሊጡ ከሁመራ፣ በርበሬው ከማረቆ፣ ጨውም ከአፋር የሚመጣበት ምክንያት፣ እንዲሁም ገዢው በአንዱ አውራጃ በብዛት በሌላው በጥቂት የሚገኝበት ምክንያት ከሁሉ አስቀድሞ የአየር ጠባይ ነው። ሰዎች ከአገራቸው ተነሥተው ወዴት እንደ ሄዱና የት እንደ ቆሙ ታሪክን ለሚመረምር ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየዋል። ይኸውም ሕዝብ ሲፈልስ በተቻለው መጠን የለመደውን አየር ተከትሎ የሚሄድ መሆኑ ነው። ገበያ ግን የሚቆመው በብዛት ሁለት የተለያዩ አየሮች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው።

የጥንት ግሪኮች፣ ከነርሱም መካከል አርስቶትል፣ ዓለምን በአምስት መቀነት ከፍለዋት ነበር። በመካከል አንድ የሚያቃጥል፣ በሁለቱ ዳርቻ ሁለት የሚያቈረፍዱ፣ በነዚህም መካከል ሁለት መጠነኛ መቀነቶች አሉ ብለው፣ በመካከለኛው መቀነት ግን ከሙቀቱ ብርታት የተነሣ ሰው ሊኖርበት አይችልም ብለው አስተማሩ። በዚሁ ይቃጠላል በተባለው መቀነት ውስጥ የስሜንና የደብረ ብርሃን ገበሬ ጋቢ ደርቦ ገብስ ሲያርስ ያየ ሰው በዚህ ትምህርት ፈገግ ሳይል አይቀርም።

የዘመናችን ሊቃውንት ነገሩን በአየር እንቅስቃሴ ያስረዳሉ። ፀሐይ በምድር ወገብ አካባቢ ቀጥ ብላ ስለምትመታ አየሩ ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ቀላል ስለ ሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም ይቀዘቅዝና የያዘውን እርጥበት በዝናብ አድርጎ ይጥላል። የኮንጎና የአማዞን ታላላቅ ደኖች የሚጠጡት ይህንን ዝናብ ነው። እርጥበቱን የጣለው አየር ከላይ በኩል ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ተጉዞ በ30ኛው ዲግሪ አካባቢ ደረቅ ሆኖ ወደ ምድር ይወርዳል። የሰሐራ፣ የዐረብ አገር፣ የካላሃሪና የአውስትራሊያ በረሃዎች የተዘረጉት ከዚህ ደረቅ አየር መውረጃ በታች ነው። ከዚያ ወዲያ ከምዕራብ በኩል የሚነፍሱ ነፋሳት ዝናብ የሚያመጡላቸው መጠነኛ አገሮች፣ ከነርሱም ወዲያ የበረዶ አገሮች ይገኛሉ።

በሩሲያ አገር ተወልዶ በጀርመን የሠራው ቭላዲሚር ኮፐን እ.ኤ.አ. በ1884 የሙቀት መቀነቶችን ካርታ አሳተመ። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ታሪክ ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ግን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።) ይህ ሊቅ በኋላ አከፋፈሉን እያሻሻለ ሲሄድ ድንበሮቹን የወሰነው ዕፀዋትን ምስክር አድርጎ ነው። የሐሩር አገር የሚባለው፣ ከዓመቱ ወራት ሁሉ የቀዘቀዘው ወር እንኳ አማካይ ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የማይወርድበት ነው አለ። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት አከፋፈል ከርሱ የተገኘው ነው። ለነጋዴም ከሌላው ይልቅ የሚመቸው ይህ ይመስላል፤ ምክንያቱም የአየር ድንበር ማለት አንዱ ተክል አብቅቶ ሌላው የሚጀምርበት፣ ማለትም አንዱ ሸቀጥ አብቅቶ ሌላው የሚጀምርበት መስመር ሆኖ ይገኛል።

ከምድር ወገብ ያለው ርቀት ብቻ ግን ነገሩን አይፈጽመውም። 1,000 ሜትር በተወጣ ቍጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1802 በደቡብ አሜሪካ የቺምቦራሶን ተራራ ሲወጣ፣ ከግርጌ እስከ ራስጌ ያሉት ዕፀዋት ከምድር ወገብ ወደ ዋልታ የሚሄድ መንገደኛ በተራ የሚያገኛቸውን እንደሚመስሉ ተመለከተ። የኢትዮጵያ ገበሬ ይህንኑ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ በአራት ቃል ይናገረዋል። እንደ ተለመደው አከፋፈል ቆላ እስከ 1,500 ሜትር፣ ወይና ደጋ እስከ 2,300 ሜትር፣ ደጋ እስከ 3,200 ሜትር ያለው ሲሆን ከዚያ በላይ ውርጭ ነው። ስለዚህ በሐሩር መቀነት ውስጥ ያሉ ብዙ መንግሥታት ዋና ከተማቸውን ከፍ ባለ ስፍራ አቁመዋል። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ፣ ሰንዓ ከ2,200 ሜትር በላይ፣ የሜክሲኮ ከተማ በ2,240፣ ቦጎታ በ2,600፣ ኪቶ በ2,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ሕንድን ይገዙ የነበሩት እንግሊዞችም የሜዳውን ሙቀት መቋቋም ስላልቻሉ ከ1864 ጀምሮ በየዓመቱ በሙቀቱ ወራት መሥሪያ ቤቶቻቸውን ከነመዝገባቸው ጠቅልለው 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ወደ ሲምላ ይወጡ ነበር።

ሕዝብ የለመደውን አየር ተከትሎ የሚሄድ ስለ መሆኑ ከደቡብ አፍሪቃ ታሪክ የበለጠ ግልጥ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የባንቱ ቋንቋዎች ተናጋሪ የሆኑት ሕዝቦች ዛሬ ናይጄሪያና ካሜሩን ከሚዋሰኑበት አካባቢ ተነሥተው፣ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የአፍሪቃን ደቡባዊ ክፍል አብዛኛውን ያዙ። ይዘዋቸው የሄዱት እህሎች ማሽላና እንደ ማሽላ ያሉ፣ በሞቃት ወራት ዝናብ የሚፈልጉ ነበሩ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ታላቁ ዓሣ ወንዝ ከተባለው አካባቢ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ጠላት ወይም ተራራ የከለከላቸው አይደለም። ከዚያ ወዲያ ወደ ኬፕ አገር ዝናቡ የሚጥለው በብርድ ወራት ስለ ሆነ ማሽላቸው አልበቅል አለ። በዚያ ምድር የኖሩት ከብትና በግ አርቢዎች የሆኑት ኮይኮይዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1652 የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ለመርከቦቹ ስንቅ የሚያዘጋጅ ጣቢያ በኬፕ ሲያቆም፣ ሠራተኞቹ ይዘው የመጡት ስንዴና ወይን በብርድ ወራት ዝናብ የሚበቅሉ የሜዲቴራንያን አየር ልጆች ስለ ነበሩ ወዲያው ተስማሙት። ከዚህ በኋላ በደቡብ አፍሪቃ ለሦስት መቶ ዓመት የተደረገው የመሬት ጠብ መነሻው በአንድ በኩል የዝናብ ወር መለያየት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ19ኛው ምእትና በ20ኛው መጀመሪያ ከአውሮጳ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ባሕር ተሻግረው ሲሄዱ አብዛኞቹ የሰፈሩት በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአርጀንቲና፣ በኡሩጓይ፣ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ነው። እነዚህ ሁሉ ስንዴ፣ በግና ላም እንደ ትውልድ አገራቸው የሚለሙባቸው መጠነኛ አየር ያላቸው አገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1882 ዱኔዲን የተባለች መርከብ የቀዘቀዘ የበግ ሥጋ ከኒው ዚላንድ ጭና እንግሊዝ አገር በደኅና በደረሰች ጊዜ፣ እነዚያ ስደተኞች ለተዉት አገር ሥጋ አቅራቢዎች ሆኑ። ሸንኮራ አገዳ ወደሚተከልበት የሐሩር አገር ግን አውሮጳዊው የሄደው በአመዛኙ ባለ ንብረት ሆኖ ሲሆን ጉልበቱን የከፈለው ሌላ ሰው ነው። በእንግሊዝ ግዛቶች የባርነት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1834 ከቀረ በኋላ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ሕንዳውያን በኮንትራት ውል ወደ ሞሪሸስ፣ ወደ ትሪኒዳድ፣ ወደ ጉያና፣ ወደ ናታልና ወደ ፊጂ ተወስደዋል። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪቃ የታወቁት የሕንድ ባለሱቆች አመጣጥ ግን ሁሉም ከነዚህ አይደለም፤ ብዙዎቹ በገዛ ገንዘባቸው ተሳፍረው የመጡ የጉጃራት ነጋዴዎች ናቸው።

የገበያ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። አንድ ዓይነት አየር ባለው አገር ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤቱ የሚገዛው ጥቂት ነው፤ ሁለቱም የሚያመርቱት አንድ ነውና። የደጋው ሰው ቅቤና ገብስ፣ የቆላው ሰው ጥጥና ማሽላ፣ የበረሃው ሰው ጨውና ግመል ይዞ ሲገናኙ ግን ገበያ ይቆማል። ሳሕል የተባለው የሰሐራ ደቡባዊ ጠርዝ ስሙ በዐረብኛ የባሕር ዳር ማለት ነው። በረሃውን እንደ ባሕር፣ ግመሉን እንደ መርከብ የቈጠሩ ነጋዴዎች ያወጡት ስም በመሆኑ ቲምቡክቱን እንደ ወደብ መመልከት ያስፈልጋል። ከበረሃው ውስጥ ከታጋዛ፣ በኋላም ከታውደኒ የተቈረጠው የጨው ሰሌዳ በግመል ወደ ቲምቡክቱ ይደርስና፣ ከዚያ በኒጀር ወንዝ ላይ በጀልባ ተጭኖ ወደ ጄኔ ይሄድ ነበር። ከደቡብ ደግሞ ወርቅና እህል በዚያው መንገድ ይመጣ ነበር። ከተማዪቱን ያበለጸጋት ይህ የጭነት መለወጫ መሆኗ ነው።

በኢትዮጵያም ነገሩ ይኸው ነው። ግመል በበረሃ ወደር የለውም፤ በደጋ ጭቃ ላይ ግን እግሩ ይንሸራተታል፤ ብርዱንም አይወደውም። በቅሎ በገደል ላይ ትበረታለች፤ ውሃ በሌለበት ሜዳ ግን ብዙ ቀን አትዘልቅም። ስለዚህ ከባሕር ጠረፍ ወደ ሸዋ የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ ከአንኮበር ግርጌ ከፋሬ ሲደርስ ግመሎቹን ማራገፍ ግድ ይሆንበት ነበር። በአቅራቢያው ያለው አልዩ አምባ ከሐረርና ከጠረፍ የመጡ ነጋዴዎች የሚቀመጡበት ከተማ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ጭነት በሚለወጥበት ስፍራ መጋዘን ያስፈልጋል፤ ሚዛን የሚይዝ፣ የሚደልል፣ ቋንቋ የሚያስተረጕም፣ የሚያበድር፣ ለመንገደኛ ምግብ የሚሸጥ ሰው ያስፈልጋል። ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ከሩቅ የመጡ ናቸው። የባቲ የሰኞ ገበያና የሰንበቴ የእሑድ ገበያ ዛሬም የሚቆሙት ከአፋር በረሃ ወደ ወሎና ወደ ሸዋ ደጋ በሚወጣው አቀበት ግርጌ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው የሚገናኙት እዚያ ነው። ከባሕር ወለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ካለው ከዳሎል ሜዳ ተቈርጦ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሆነችው ወደ መቀሌ ለብዙ ዘመን ሲወጣ የኖረው አሞሌ ጨውም አንዱን የአየር ድንበር ከሌላው በኋላ እየተሻገረ የሚሄድ ሸቀጥ ነበር።

ከጅቡቲ የመጣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር የሚወስደውን አቀበት መውጣት አስቸጋሪ ሆኖ ስለ ተገኘ ጣቢያው ከተራራው ግርጌ ቀረ። ድሬዳዋ የተቈረቈረችው በዚህ ነው። መሐንዲሶቹ ስለ ወጪ እንጂ ስለ ንግድ ጥንታዊ ልማድ ያሰቡ አይመስልም፤ ነገር ግን ሳያውቁ የሲራራ ነጋዴ የሚመርጠውን ስፍራ መርጠዋል። የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድና የየመን ነጋዴዎችም ባቡሩን ተከትለው በዚያ ሱቅ ከፈቱ።

የነጋዴ ፍልሰት ከገበሬ ፍልሰት የሚለይበት ሌላ ምክንያት ነፋስ ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሞንሱን የተባለው የወቅት ነፋስ በግማሹ ዓመት ከሰሜን ምሥራቅ፣ በግማሹ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። ክረምታችንን የሚያመጣው ታላቅ የአየር እንቅስቃሴም የዚሁ ዘመድ ነው። ከጉጃራት፣ ከኦማን ወይም ከሐድራሞት በኅዳርና በታኅሣሥ በሸራ መርከብ ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ዳርቻ የወረደ ነጋዴ፣ ነፋሱ እስኪዞርለት ድረስ ወደ አገሩ ሊመለስ አይችልም ነበር። ዕቃውን ለብዙ ወራት የሚያኖርበት ቤት ይከራያል፤ በየዓመቱ ሲመላለስ ቤት ይሠራል፤ ያገባል፤ ይወልዳል። ላሙ፣ ሞምባሳና ዛንዚባር የበለጸጉት በዚህ ዓይነት ነው። ስዋሂሊ የሚለውም ስም ሳሕል ከሚለው ከዚያው የዐረብኛ ሥር የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ገደማ የኦማን ሱልጣን ሰዒድ መቀመጫውን ከመስቀጥ ወደ ዛንዚባር አዛወረ። የተከለውም ቅርንፉድ የሙቅ ደሴት ተክል በመሆኑ በደረቁ አገሩ በኦማን ሊያገኘው የማይችለውን ሀብት አስገኘለት። ከሐድራሞት ደረቅ ሸለቆዎች የወጡት ሰዎችም እስከ ጃቫ፣ እስከ ሲንጋፖርና እስከ ምሥራቅ አፍሪቃ ተበትነዋል። በኢትዮጵያ ከተሞች ስኳርና ጋዝ በችርቻሮ ይሸጡ ከነበሩት የዐረብ ባለሱቆች ብዙዎቹ የየመንና የሐድራሞት ሰዎች ነበሩ።

ከአየር ድንበሮች ሁሉ የከፋው ግን በዓይን የማይታየው የበሽታ ድንበር ነው። ጸጸ የተባለው ዝንብ በሚገኝበት በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ቆላ፣ የከብት ገንዲ ስለሚያጠቃ በሬ ጠምዶ ማረስ አይቻልም። የደጋው ሰው ቆላውን እየፈራ የኖረውም ከንዳድ የተነሣ ነው። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከወትሮው የበዛ ዝናብና ሙቀት ትንኙን ከ1,600 ሜትር በላይ እስከ 2,150 ሜትር ድረስ ስላወጣው፣ ወባን ያልለመደው የከፍተኛው ስፍራ ሕዝብ ክፉኛ ተመታ። የታመመው 3 ሚሊዮን፣ የሞተውም 150,000 ያህል ሰው እንደ ነበረ ይገመታል። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ከድርቁ በኋላ መንግሥት 600,000 ያህል ሕዝብ ከሰሜን ደጋዎች ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ አሰፈረ። ብዙዎቹ ያለ ፈቃዳቸው የተወሰዱ ነበሩ። ገብስና ስንዴ የለመደው ሰው፣ ወባን የማያውቅ ደም ይዞ፣ ወደማያውቀው ቆላ በአንድ ጊዜ ሲገባ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ነፍስ ጠፍቷል። በካርታ ላይ ለም ሆኖ የታየው መሬት በእርግጥ ለም ነበር፤ የተረሳው ሕዝብ ከአየር ወደ አየር የሚሻገረው በትውልድ እንጂ በመኪና ጭነት አለመሆኑ ነው።

የሰሊጥ ላኪዎች ይህንን ድንበር በየዓመቱ በሒሳባቸው ላይ ያገኙታል። በሁመራና በመተማ ቆላ ለአረምና ለአጨዳ የሚያስፈልገው ጉልበት ከአካባቢው ነዋሪ ስለማይበቃ፣ ብዙ መቶ ሺህ ሠራተኞች ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ ደጋ ይወርዳሉ። ሰሊጥ ሲደርስ ቅርፊቱ ስለሚፈነዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል። ሠራተኛው በወባ ወይም ካላዛር በተባለው በአሸዋ ዝንብ በሚተላለፈው በሽታ ሲወድቅ፣ ወይም መንገድ ተዘግቶ ሳይወርድ ሲቀር፣ ላኪው ውል የገባበት ጭነት በእርሻው ላይ ፈስሶ ይቀራል። የአጎበርና የመድኃኒት ወጪ ከእርሻ ወጪ ጋር አብሮ መቈጠር ያለበት ስለዚህ ነው። ይህን የሚያደርጉ ባለ እርሻዎች አሉ፤ የማያደርጉት ግን ይበዛሉ።

የአየርን ሕግ በገንዘብ የጣሱ የሚመስሉ አገሮችም አሉ። ኩዌት፣ ቀጠርና የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ዝናብ የሌለበት በረሃ ላይ ሆነው፣ የባሕር ውሃ አጣርተው እየጠጡ፣ ቤታቸውን በማሽን እያቀዘቀዙ፣ ከነዋሪዎቻቸው የሚበዙትን የውጭ አገር ሰዎች ተቀብለዋል። ከነዚህም ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ ይልቁንም ሴቶች ይገኛሉ። ዳሩ ግን ነዳጅ ቤትን ያቀዘቅዛል እንጂ በግ የሚግጥበት መስክ አያበቅልም። የኢትዮጵያ የበግና የፍየል ሥጋ በአውሮፕላን ወደዚያ የሚሄደው ድሮ ቅቤ ከደጋ ወደ በረሃ ይወርድ በነበረበት ምክንያት ነው።

ድንበሩ ራሱ የሚንቀሳቀስበት ጊዜም አለ። በአሜሪካ ታላላቅ ሜዳዎች በአንደኛው የዓለም ጦርነት የስንዴ ዋጋ ስለ ናረና በነዚያ ዓመታት ዝናቡ ስላልከፋ፣ ገበሬዎች ለግጦሽ ብቻ የሚሆነውን ደረቅ ምድር አረሱት። በ1930ዎቹ ድርቅ ሲመጣ አፈሩ በነፋስ እንደ ዱቄት ተነሣ፤ 2 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰዎችም ያንን አገር ለቀው ሄዱ። መስመሩ ለጊዜው ወደ ምሥራቅ ሸሽቶ ነበር፤ የስንዴው ነጋዴ ግን በጥሩው ዘመን የት እንደ ነበረ ብቻ ያስታውስ ነበር።

የኢትዮጵያ ቡና የሚገኝበት ሁኔታ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ቡናው በብዛት የሚበቅለው ከ1,300 እስከ 2,100 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ነው። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ የዓለም ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ መከላከያ ካልተደረገ፣ ዛሬ ቡና ከሚለማበት መሬት ከ100 እጅ ከ39 እስከ 59 የሚሆነው እስከዚህ ምእት መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። በሌላ በኩል ተክሉ ወደ ከፍተኛ ስፍራ እንዲዛወርና ደኑም እንዲጠበቅ ቢደረግ፣ ለቡና የሚመቸው መሬት ከ4 እጥፍ በላይ ሊሰፋ ይችላል ብለዋል። ሁለቱ ግምቶች አንድ ላይ ሲነበቡ ቡናው አይጠፋም፤ ወደ ዳገት ይወጣል ማለት ነው።

ዳገቱ ግን ባዶ አይደለም። በላዩ ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና እንሰት ተተክሎበታል፤ ባለቤትም አለው። የቡና ችግኝ ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያውን ፍሬ ለመስጠት 3 ወይም 4 ዓመት ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ገበሬው ከምን እንደሚበላ መታሰብ አለበት። ማጠቢያ ጣቢያዎች፣ መጋዘኖችና የጭነት መንገዶች የተሠሩት ዛሬ ቡናው ባለበት ዝቅ ባለው ስፍራ ነው፤ ለቀማ የለመደውም ሰው የሚኖረው እዚያው ነው። ከገበሬው የሚረከቡ አቅራቢዎች በመዝገባቸው ላይ የወረዳውንና የቀበሌውን ስም ይጽፋሉ። እያንዳንዱ ጭነት ከስንት ሜትር ከፍታ እንደ መጣ አብሮ ቢጻፍ፣ ላኪው ከ10 ዓመት በኋላ ያንኑ መዝገብ ገልጦ ቡናው ምን ያህል እንደ ወጣ፣ የትኛውም ደንበኛው ከታች እንደ ቀረ በዓይኑ ያያል።